ዝናብ የምታስገባው ቮልስ

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ውስጥ አክስቴን ከቤተ ክርስቲያን ላመጣት ሄጄ ነበር። አክስቴ ሰማንያ ሁለት ዓመት አልፏታል። መኪና ውስጥ አስገብቼ ገና ሁለት መቶ ሜትር እንኳ ሳንሄድ ዝናቡ ወረደ። ከፊት መስታወቱ የቀኝ ማዕዘን ላይ አንዲት ጠብታ ብቅ አለች፤ ተንጠለጠለች፤ አክስቴ ጉልበት ላይ ዱብ አለች። ሁለተኛዋ ተከተለች። ሦስተኛዋም። አክስቴ ምንም ሳትል ከቦርሳዋ ፌስታል አወጣችና ነጠላዋ እንዳይርስ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ትንሽ ቆይታ፣ ወደ እኔም ሳትዞር፣

"አባትህ በነበረ ጊዜ ይቺ መኪና ታለቅስ ነበር እንዴ?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። መኪናዋ 1967 ሞዴል ቮልስ ዋገን ናት። አባቴ አገር ለቆ ከሚሄድ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ላይ ገዝቷት እስኪሞት ድረስ ነዳት። ሲሞት ልጆቹ ቤቱን ለመካፈል ተጣላን፤ ቮልሷን ግን ማንም አልፈለጋትምና ለእኔ ቀረች። ከታናሽ እህቴ ጋር ከዚያ ወዲህ ለአውደ ዓመት ካልሆነ አንገናኝም። ይህን ያነሣሁት የቤተሰቤን ገመና ለመዝራት አይደለም። የዛሬው ጉዳይ ጎማ ነው። ዳሩ ግን የጎማው ጉዳይ ወዲያ የሚወስደኝ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ጎማ ስል የሚሽከረከረውን ማለቴ አይደለም። እንደ ቮልስ ያለች አሮጌ መኪና የፊት መስታወቷ ከብረቱ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። በመካከላቸው ዙሪያውን የሚሄድ ጎማ አለ። ይህ ጎማ ሁለት ቦይ አለው፤ በአንደኛው የብረቱን ከንፈር ይነክሳል፣ በሌላው መስታወቱን ይነክሳል። ሁለቱ እንዳይፋጩ፣ ውኃ እንዳይገባ፣ መስታወቱ በየጉድጓዱ እንዳይሰነጠቅ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሲደርቅ መጀመሪያ የሚከዳው ማዕዘኑ ላይ ነው፤ የሚታጠፈውና የሚወጠረው እዚያ ነውና። ከዚያ ውኃው በዳሽቦርዱ ሥር ወርዶ ምንጣፉ ሥር ይተኛል። ቮልስ ደግሞ ወለሏ የመኪናዋ አከርካሪ ነው፤ አካሏ የታሰረው እሱ ላይ ነው። ባትሪዋም የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር፣ እዚያው ወለል ላይ ነው። መኪና የሚሞተው ሞተሩ ሲነክስ ብቻ አይምሰላችሁ። ሞተር ይወርዳል፣ ይጠገናል፣ ይለወጣል። ወለሉን ዝገት የበላው መኪና ግን በዝምታ ያልቃል። ጥፋተኛውም አንድ ሰው ዞር ብሎ የማያየው ጥቁር ጎማ ነው።

ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። ለጋራዥ ቃል ያበደሩን ጣሊያኖች ናቸው፤ ካንዴላው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ቸርኬው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ከመነዳሪው ሁሉ የእነሱ ነው። ጎማም እንዲሁ። ጣሊያኖች ግን ከላቲን ወረሱት፤ ላቲን ከግሪክ፤ ግሪክ ደግሞ ለዛፍ ሙጫ ከሚሉት ቃል ከጥንት ግብፃውያን ወሰደው። እንግዲህ ቃሉ ከአባይ ታችኛው ጫፍ ተነሥቶ፣ ግሪክንና ሮምን ዞሮ፣ በመካኒክ አፍ ወደ አባይ ምንጭ አገር መጣ ማለት ነው። የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ስለነበርሁ እንዲህ ያለው ነገር ደስ ይለኛል።

ዕቃው ግን ከቃሉ ይልቅ መከራ ያየ ነው። የጎማ ዛፍ ወተት ጥሬውን ሲሆን ለብዙ ነገር አይረባም። ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲበርድ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ቻርልስ ጉድይር የሚባል አሜሪካዊ በዚህ ነገር ተለክፎ ዕድሜውን ጨረሰ። ለዕዳ ታሰረ፤ ቤተሰቡን አስራበ። እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር ቀላቅሎ እሳት ላይ ሲያበስለው እንደማይቀልጥና እንደማይሰበር አወቀ። የአሜሪካን ፓተንት በ1844 ሲያገኝ፣ በእንግሊዝ ቶማስ ሃንኮክ ቀድሞት ነበር። ለሙያው በሮማውያን የእሳት አምላክ በቩልካን ስም ስም ወጣለት። ጉድይር በ1860 ሲሞት የ200,000 ዶላር ገደማ ዕዳ ትቶ ነው። ዛሬ በዓለም የምናውቀው በስሙ የሚጠራው ድርጅት ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ ሌሎች ሰዎች ያቋቋሙት ነው፤ ለቤተሰቡ ምንም አይደለም።

በ1888 ደንሎፕ በነፋስ የሚሞላውን ጎማ ሲያመጣ ዓለም ጎማ ጎማ አለ። በቤልጅጉ ንጉሥ በዳግማዊ ሊዮፖልድ እጅ የነበረው ኮንጎ በዚህ ፍላጎት ተቃጠለ፤ የታዘዘበትን የጎማ መጠን ያላመጣ ሰው እጁ የሚቆረጥበት፣ ሚስቱ የምትታገትበት አገር ሆነ። ሮጀር ኬዝመንት በ1904 ያወጣው ሪፖርት ይህንን ለዓለም አጋለጠ። በሌላ በኩል በ1876 ሄንሪ ዊካም የሚባል እንግሊዛዊ 70,000 ያህል የጎማ ዛፍ ፍሬ ከብራዚል ወደ ለንደን ወስዶ ነበር፤ ከዚያ የበቀለው ችግኝ ወደ ሲሎንና ሲንጋፖር ሄዶ የማሌዥያን እርሻዎች ፈጠረ። በ1942 ጃፓን እነዚያን አገሮች ስትይዝ ለአሜሪካና ለእንግሊዝ አብዛኛው የተፈጥሮ ጎማ በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። አሜሪካ ከነዳጅና ከአልኮል ጎማ መሥራት ግድ ሆነባት። ጀርመንም ቀድማ "ቡና" የምትለውን ሰው ሠራሽ ጎማ ፈልስፋ ነበር። ስሙ ከእኛ ቡና ጋር አይዛመድም፤ ከሁለት ኬሚካሎች ስም የተቆራረጠ ነው። አውሽቪትስ አጠገብ ሞኖቪትስ ላይ ለዚሁ ጎማ በእስረኛ ጉልበት ትልቅ ፋብሪካ አቆሙ። ጣሊያናዊው ጸሐፊ ፕሪሞ ሌቪ እዚያ ከሠሩት እስረኞች አንዱ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው ያለቀበት ያ ፋብሪካ አንድ ኪሎ ሰው ሠራሽ ጎማ ሳያወጣ ጦርነቱ አለቀ።

የእኛዋ ቮልስም ከዚያው ዘመን የወጣች ናት። ፋብሪካዋ በ1938 ተመሠረተ፤ በጦርነቱ ጊዜ በግዳጅ ሠራተኞች ተንቀሳቀሰ፤ በ1945 መጨረሻ በእንግሊዞች ጠባቂነት የሲቪል መኪናዋን ማምረት ጀመረ። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ የወጣችው ሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቁጥሯ 21,529,464ኛ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ከሩቅ ሲያዩአት አንድ ዓይነት ትመስላለች። አይደለችም። የኋላ መስታወቷ እስከ 1953 ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ከዚያ እንቁላል ቅርጽ ሆነ፤ በ1958 ሞዴል አራት ማዕዘን ሆኖ ሰፋ። በ1965 ሞዴል መስታወቶቿ ሁሉ እንደገና ሰፉ። በ1973 ሞዴል ደግሞ የፊት መስታወቱ የጎበጠ ዓይነት መጣ። ስለዚህ "የቮልስ ጎማ ስጡኝ" ብሎ ሱቅ መግባት፣ መጽሐፍ ቤት ገብቶ "መጽሐፍ ስጡኝ" እንደማለት ነው።

ይህን እኔም የተማርሁት በገንዘቤ ነው። ሶማሌ ተራ ሄድሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ባለሱቅ "ኦሪጅናል ነው፣ ከፋብሪካው ቁርጥ!" ብሎ ከውጭ የመጣ ጎማ ሸጠልኝ። አስገጠምሁት። ማዕዘኑ ላይ ሳይደርስ ተወጠረ። በመጀመሪያው ዝናብ የገባው ውኃ ከድሮው ባሰ።

ኦሪጅናል የሚባል ነገርማ እንዴት ይገኛል? ፋብሪካዎች የጎማ ክፍሎችን አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው አይሠሩም፤ ለአቅራቢ ያዛሉ። አቅራቢው ቅርጹን የሚያወጣ የብረት ሻጋታ ያዘጋጃል። ቀጥ ያለውን ጎማ መሥራት ቀላል ነው፤ ቅርጹ በተቆረጠበት ብረት ቀዳዳ እንደ ፓስታ ገፍቶ ማብሰል ነው። ማዕዘኑ ግን የራሱ ሻጋታ ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ ውድ ነው። ሞዴሉ ሲቆም ትእዛዙ ያንሳል፤ ትእዛዙ ሲያንስ ሻጋታው መጋዘን ይይዛል፤ መጋዘን የያዘ ብረት ደግሞ አንድ ቀን ይጣላል። ክፋት የለበትም፤ ሒሳብ ነው። ባለቤቶቹ ሲያለቅሱ ግን ሒሳቡ የተመለሰበት ጊዜም አለ። መርሴዲስ ቤንዝ በ1993 ለአሮጌ መኪኖቹ ብቻ የሆነ ማዕከል ከፈተ። ቶዮታ በ2020 ለቆሙ የሱፕራ ሞዴሎቹ፣ በ2021 ደግሞ እኛ አገር ገጠሩን ሁሉ ለሚያውቀው ላንድ ክሩዘር 40 ማምረት የተዉትን ክፍሎች መልሶ እንደሚሠራ አስታወቀ። በእኛም አገር መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ያለችውን አሮጌ መኪና ማቆየት የትዝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ወደ አባቴ መካኒክ ሄድሁ። አዛውንት ናቸው፤ ጋራዡን ለልጃቸው ትተው ከበሩ ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ጎማውን ጫን ጫን አደረጉና፣

"የመምህሩ ልጅ፣ ይህንን በናፍጣ ስታሳጥብ ኖረሃል?" አሉኝ።

ኖሬአለሁ። እጥበት ቤት ጎማውን በናፍጣ ይወለውሉታል፤ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል፤ እኔም ጉርሻ እሰጣለሁ። ናፍጣ ግን ለጎማ ጠላቱ ነው፤ ያብጠዋል፣ ያላላዋል፣ ሲለቀው ያደርቀዋል። በዚያ ላይ ጎማ ራሱ ያረጃል። እንዲለሰልስ የተቀላቀለበት ዘይት በዓመታት ውስጥ ይወጣል፤ አየሩና ፀሐዩ ያደርቁታል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ ደግሞ ፀሐዩ ይብሳል። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይሰነጠቃል።

አዛውንቱ መርካቶ ጎሚኒ ወደሚሠራ አንድ ወጣት ላኩኝ። ወጣቱ ሥራውን ይወዳል። አሮጌውን ጎማ ተቀብሎ፣ "ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ ቁርጥ ይህን አስመስዬ ነው የምሠራልዎ" አለኝ። በሳምንቱ ሠርቶ ጠበቀኝ። እውነትም ቁርጥ እሱን ይመስል ነበር። ስናስገጥመው ግን አጠረ። ከገዛሁት የባሰ አጠረ።

ሁለታችንም ተሸማቀን አዛውንቱ ዘንድ ሄድን። ሁለቱን ጎማዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ሳቁ።

"የለካችሁት ምኑን ነው?"

"አሮጌውን ጎማ ነዋ" አለ ልጁ።

"እሱማ ዋሽቶሃል። ሃምሳ ዓመት ፀሐይ ላይ የነበረ ጎማ የዱሮ ቁመቱን ይነግርሃል? አንተ ደግሞ አዲሱን ስታበስለው፣ ሲበርድ እንደገና ያንሳል። ሁለት ጊዜ አሳጠርኸው። ጎማውን አትለካ። ክፍተቱን ለካ። ብረቱ አላጠረም፤ መስታወቱም አላጠረም። ጎማው የተሠራው እነሱ መካከል ያለውን ለመሙላት ነው።"

ነገሩ ይኸው ነው። የበሰለ ጎማ ከሻጋታው ወጥቶ ሲበርድ እንደ ዓይነቱ ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ይቀንሳል፤ በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ዋና ባለሙያዎች ይህን አስቀድመው ሻጋታው ላይ ይጨምሩታል። ደግሞም ብረቱን ለመለካት ስንነሣ ከንፈሩ ከሚገባው በላይ ወፍሮ አገኘነው። በየጊዜው የተቀባ ቀለም፣ በየጊዜው የተለሰነ ስቱኮ ተደራርቦበታል። እስከ ብረቱ ድረስ ፍቀን አነሣነው። ከዚያ የብረቱን ውፍረት፣ የመስታወቱን ውፍረት፣ የማዕዘኑን ጥምዝ በካሊፐርና በካርቶን ወሰድን። ወጣቱ ለጎሚኒ የሚጠቀምበት ጥሬ ጎማ ለፀሐይ የማይሆን ስለነበር፣ ኢፒዲኤም የሚባለውን፣ ዛሬ ለመኪና በርና መስታወት የሚሠራበትን፣ ፀሐይና ኦዞን የሚችለውን ዓይነት ፈልገን አመጣን። ቀጥ ያለውን በሜትር ገዛን፤ አራቱን ማዕዘን እሱ በሻጋታ አበሰለና አጋጠማቸው። ሁለት ጊዜ ተበላሸ። በሦስተኛው ተሳካ። ሲገጠም ደግሞ ሌላ ጥበብ አየሁ፤ በጎማው ቦይ ዙሪያውን ሲባጎ ይቀበራል፣ በሳሙና ውኃ ይለሰልሳል፣ አንዱ ከውጭ መስታወቱን ሲጫን ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ይስባል፤ የጎማው ከንፈር ብረቱን እየዘለለ ቦታው ይገባል። ሲያልቅ ወጣቱ የውኃ ጎማ አምጥቶ ጎማው ላይ ሩብ ሰዓት ለቀቀበት። አንዲት ጠብታ አልገባችም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ያሰብሁት ስለ ጎማው አልነበረም። በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የብራና መጻሕፍትን አገላበጥ ሳስተምር፣ ጸሐፊ የሚገለብጠው ከፊቱ ያለውን ቅጂ ነው፣ ቅጂው የተሳሳተ እንደሆነ ስሕተቱንም በትጋት ይገለብጣል እል ነበር። አንዱ ሠዓሊ የሚለውን ሰአሊ ብሎ ጻፈ እንበል፤ ሥዕል የሚሥለው ሰው ለማኝ ሆነ ማለት ነው። ቀጣዩ ጸሐፊ እጅ ጽሕፈቱ የቱንም ያህል ቢያምር ለማኙን ነው የሚያሳምረው። መድኃኒቱ ቃሉ የገባበትን ዐረፍተ ነገር ማየት ነው፤ እዚህ ቦታ የጎደለው ምን ዓይነት ቃል ነው ብሎ መጠየቅ። ይህን ለሃያ ዓመት አስተማርሁ። ያስተማርሁበትን ማስታወሻ ግን ከመምህሬ ማስታወሻ ነበር የገለበጥሁት፤ እሳቸውም ከመምህራቸው። ለእኔ ሲደርስ ምሳሌው ደርቆ፣ ጥያቄው ተሰነጣጥቆ ነበር። ተማሪዎቼ በዓይናቸው ሲነግሩኝ፣ የዛሬ ልጅ ማንበብ ትቷል ብዬ በእነሱ አሳበብሁ። በፊቴ በተቀመጡት ልጆችና በመጽሐፉ መካከል ያለውን ክፍተት አንድ ቀን እንኳ አልለካሁም።

ስለ ባህላችን መጥፋት ስንጨነቅም እንዲሁ ነን። እድሩ፣ ማኅበሩ፣ ሽምግልናው ተዳከመ እንላለን፤ ከዚያ የቀረውን ደረቅ ቅርጽ ይዘን ቁርጥ እሱን አስመስለን ለመሥራት እንነሣለን። ልብሱ፣ ወንበሩ፣ ንግግሩ ሁሉ ይሟላል። ዝናቡ ግን ይገባል። አያቶቻችን ያን ሁሉ ያበጁት በሰውና በሰው መካከል አንድ ክፍተት አይተው፣ እሱን ለመሙላት ነበር። ክፍተቱ ዛሬም አለ። ምናልባት ሰፍቷል።

የራሴ ቤት ደግሞ ከማንም አይሻልም። አባቴ ከሞተ ወዲህ የገናን ምሳ እንደ ታላቅነቴ እኔ ቤት አድርጌዋለሁ። በእሱ ሰዓት፣ በእሱ ጠረጴዛ፣ ምርቃቱን ሳይቀር በእሱ ቃል። በየዓመቱ የሚመጣው ሰው እያነሰ፣ የመጣውም ቶሎ እየሄደ፣ ታናሽ እህቴ ሳህኗን ይዛ ጥግ ላይ እየተቀመጠች ሲመጣ አየሁ። የአክስቴ ጥያቄ ሲመለስብኝ ነው ነገሩ የገባኝ። አባቴ ሰዎቹን የሰበሰበው በገና ምሳ አልነበረም። በየእሑዱ በዚያች ቮልስ እየዞረ የታመመውን ይጠይቅ፣ የተጣላውን ያስታርቅ፣ አሮጊቶቹን ከቤተ ክርስቲያን ያመጣ ነበር። ገና የዓመቱ መደምደሚያ ነበረ እንጂ ሥራው አልነበረም። እኔ የለካሁት ጎማውን ነው።

ዘንድሮ ሐምሌ ውስጥ፣ እሑድ ቀን፣ አክስቴን እንደገና ከቤተ ክርስቲያን ወሰድኋት። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ገና ሳይጀምር ፌስታሉን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ዝናቡ መጣ፤ መስታወቱን ደበደበው። አክስቴ የቀኙን ማዕዘን እያየች ጠበቀች። ምንም የለም። አደባባዩ ላይ ስደርስ ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ትቼ ወደ ግራ ዞርሁ።

"ወዴት ነው?" አለችኝ።

"እህቴ ጋ ደርሰን እንምጣ ብዬ ነው።"

ዝም አለች። ጥቂት እንደሄድን ፌስታሉን በአራት አጠፈችና ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።